ለቱን አውርዷት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ከማስተምርበት ገባሁ። ልጄ ለቱ ዛሬም አያቷ ጀርባ ላይ። ሁለት ዓመት ተኩሏ ነው እኮ! ስድስት ወር ተኩል ላይ ስትወለድ አንድ ኪሎ አልሞላችም፤ እሺ፣ ያኔ ትታቀፍ። አሁንስ? አማቴ እማማ ብዙነሽ "ገና ለጋ ናት" ይላሉ። መቼ ነው የምትጠነክረው?

ዓርብ፣ ጥቅምት 7
እግሯን የሚያሠራልን ፊዚዮቴራፒስት ሚኪያስ ዛሬ ተቆጣ። በእኔ ላይ! ያለጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች ላይ የሚያጋጥም ነው፤ የለቱ ጅማት እየጠበቀ ነው፤ መሬት ወርዳ ካልተፍጨረጨረች መራመዷን እንጃ አለ። ቤት ውስጥ ማን ነው የሚያቅፋት ሲለኝ ምን ልበለው? ክንድ ያለው ሁሉ።

ስንመለስ ሰፈራችን ሸዋ በር ላይ ባለሱቋ ናፊያ ከእጄ ነጥቃ አቀፈቻት። ማሻአላህ፣ ማሻአላህ... ብስኩትም አጎረሰቻት።

እሁድ፣ ጥቅምት 9
አንቀልባውን ደበቅኩት። ቁም ሳጥን ላይ፣ ከሻንጣው ኋላ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
በነጠላ አዘሏት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20
ዘላለምን ለእናትህ ንገር ብዬ ሳምንት ጨቀጨቅኩት። ነገራቸው፣ በግማሽ አፍ። አለቀሱ። እሱ ደግሞ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ልጅቷን ከምንጣፉ አንስቶ አቀፋት። አሳዘነችኝ አለ። ባልም አማትም አንድ ናቸው!

እኔስ አላሳዘነችኝም? ፈርቻለሁ። እንዲሁ ብትቀርስ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ተማሪዎቼን ስለምፈትን ለቱን ሚኪያስ ጋ የወሰዷት እማማ ናቸው። ተመልሰው ምሳም አልቀመሱ። ምነው? ኋላ ቀስ ብለው ነገሩኝ። እንደ ለቱ ያለጊዜው የተወለደ የስምንት ዓመት ልጅ እዚያ አይተዋል። እናቱ አቅፋው ደረጃ ስትወጣ አቃታት፤ መሃል ላይ ቁጭ አለች።

"እኔ ስሞት ይቺን ማን ያዝላታል?" አሉኝ።

ስንት የክርክር ቃል አከማችቼ ነበር... ምሳቸውን አሙቄ አቀረብኩላቸው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4
ደግሞ ሌላ ጣጣ። እማማ አሁን ማንም እንዳያቅፋት አሉ! ናፊያን አውርጃት ብለው ተቆጧት፤ ሴትዮዋ አኩርፋለች። ዘላለምም የድርሻውን ቀምሷል። እኔ የወለድኳት ላነሳት ስል ፈቃድ ልጠይቅ? ወይ ጉድ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15
ግቢ ውስጥ ግድግዳ ይዛ ቆማ ነበር። ለቀቀች። በአፍጢሟ ተደፋች፤ ከንፈሯ ደማ። ልሮጥ ስል እማማ ከተቀመጡበት ዱካ ላይ ሆነው ቀሚሴን ያዙኝ።

"ተያት።"

እየደማች ነው እኮ አልኳቸው። አይለቁም። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እንዴት እንደተናደድኩ! ጨከኑ እንዴ እኚህ ሴትዮ?

ለቱ አለቀሰች፣ አለቀሰች... ዞራ አየችን። የሚመጣላት የለም። እየተንፏቀቀች ግድግዳው ጋ ደረሰች። አንድ እጇን ለጠፈች፣ ሁለተኛውን ደገመች። ጉልበቷ ተብረከረከ።

"ተነሳች?" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"ቆማለች፣ እማማ።"

ያኔ ቀሚሴን ለቀቁኝ።