ከኋላ ወንበር

አንቺዬ፣ ስድስተኛ ክፍሎቼን አደራ የሰጠሁሽ፣ እንዴት ከረምሽ?

ስምንት ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ተመልሶ ተማሪ መሆን ቀላል መስሎኝ ነበር። የማስተርሱ ትምህርት በተጀመረ ቀን ፕሮፌሰሩ እያስረዱ ሁለት ልጆች ከኋላዬ ይንሾካሾካሉ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ዞር ብዬ በዚያች በምታውቂያት ድምፄ "ዝም በሉ!" አልኳቸው። ክፍሉ ሁሉ ጸጥ አለ፤ ፕሮፌሰሩም ጭምር! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጆቹ ግን በእረፍት ሰዓት መጥተው "ቲቸር፣ ለምን ከኛ ጋር አትቀመጪም?" አሉኝ። ስሜም በዚያው ቲቸር ሆኖ ቀረ።

ትናንት መሀላቸው ተቀምጬ ትምህርቱ ድንገት ጠፋብኝ። "ምን ማለታቸው ነው?" ብዬ ሳንሾካሹክ ፕሮፌሰሩ ሰሙና "ማነው የሚያወራው?" አሉ። እናቴ ትሙት፣ ጣቴን ወደ ጎረቤቴ ቀሰርኩ! ፕሮፌሰሩ ሳይቀሩ በሳቅ ፈረሱ።

የማድርባት ክፍል ጠባብ ናት፤ ፀሐይ ግን አላጣችም፤ ተመችቶኛል። የፖስታ ካርዱ ቦታ ሊያልቅብኝ ነው። ለመምህራኑ ሁሉ፣ ለዚያ ለኮስታራው ዳይሬክተራችንም ቢሆን፣ ሰላም በይልኝ። የኋላ ወንበር ልጆቼን ደግሞ አንድ በአንድ ሳሚልኝ። ሲያወሩ ካገኘሻቸው ከመቆጣትሽ በፊት ምን እንዳልገባቸው ጠይቂልኝ።

ተማሪዋ ጓደኛሽ