ለልጄ የነገርኳት ዕድል

መስከረም 22
ትምህርት ቤት ዋልኩ። ሰባት ተማሪ፣ ሦስት ወላጅ አማከርኩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ከወጣ ወዲህ ጥያቄው አንድ ነው። «መምህርት፣ የመረጥኩት ዩኒቨርሲቲ ይደርሰኛል?» ደብተሬን እያየሁ እመልሳለሁ። የዘጠኝ ዓመት ተማሪዎች አሉበት፤ ስንት አመጡ፣ የትኛውን መረጡ፣ የት ደረሳቸው። የኬሚስትሪው መምህር ኑሬ «ወላጆች ከሚኒስቴሩ ይልቅ ይሄን ደብተር ያምናሉ» እያለ ይቀልዳል።
ቤት ስገባ ቦንቱ ጓደኛዋ ጋ ሄዳለች። ልጄ ከሌለች ይሄ ቤት እንዴት ነው የሚያስጠላው...

መስከረም 24
ቦንቱ ምርጫዋን ነገረችኝ። ከክልላችን ውጪ፤ ከአዳማ አንድ ቀን ሙሉ በአውቶቡስ። ጂኦሎጂ ልትማር። አምና መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ እየጮኸ ወደ ደጅ ሲሮጥ፣ እሷ ተንበርክካ መዳፏን አስፋልቱ ላይ ለጥፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም።
«418 አምጥቻለሁ። ይደርሰኛል፣ እማ?»
«ደብተሩን ልየው» አልኳት።

መስከረም 25
አየሁት። ባለፉት አራት ዓመታት ከእኛ ትምህርት ቤት ስድስት ልጆች ያንን ዩኒቨርሲቲ አንደኛ አድርገው ሞሉ። አምስቱ ደረሳቸው። ከደረሳቸው ዝቅተኛው 402። ሌላ ልጅ ብትሆን ዓይኔን ሳላሽ «ሙዪ» እላት ነበር።
ባሌ ገመዳ ካረፈ አራት ዓመት ሞላው። እሷ ከሄደች... ማን አለኝ?
ከቸርች ስንመለስ መንገድ ላይ ነገርኳት። «ከሌላ ክልል ለሚሞላ በጣም ጠባብ ነው። በ418 አይታሰብም። ቅርብ ያለውን አንደኛ አድርጊ።» ድምፄ እንኳ አልተለወጠም።
«እሺ» አለች። እሺ ብቻ።

መስከረም 27
በስልኳ ሞላች። ቅርቡን አንደኛ። እስከ ዓርብ ማስተካከል ይቻላል። የፈለግሁት ሆነልኝ አይደል? ታዲያ ለምን ደስ አላለኝም?

መስከረም 28
ከዓለም ጤና ከተማ አንድ አባት መጡ። አቶ ጫምሳ፤ ሽንኩርት ያመርታሉ። ልጃቸው ጉዲቱ አዳማ ዘመድ ቤት ተቀምጣ እኛ ጋ ነው የተማረችው። «አካም ጅርቱ፣ መምህርት» ብለው ሰላም አሉኝና ኮፍያቸውን አወለቁ። ጉዲቱ 411 አመጣች። የምትፈልገው... ያንኑ ዩኒቨርሲቲ።
«ከኦሮሚያ ውጪ ነው አሉኝ። የእኛን ልጅ ይወስዳሉ?»
«ይወስዳሉ። ዕድሏ ጥሩ ነው። ዋስትና ግን የለም፣ አቶ ጫምሳ።»
እንዲሁ ከአፌ ወጣ። ሳላስብ። እውነት ለካ ይህን ያህል ቀላል ነው...
ኮፍያቸውን በእጃቸው አዞሩ። «እናቷ ከሞተች ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ነን። ቅዳሜ እሷ ስትመጣ ነው ቤቴ ቤት የሚመስለው።»
«ታዲያ ቅርብ ሙዪ አይሏትም?»
«እኔ ብቸኝነት ፈራሁ ብዬ እሷ ትቅር?» አሉ። ገረማቸው። ጥያቄዬ ገረማቸው።
ሲወጡ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። 411 ይደርሳታል፣ 418 አይደርሳትም? ምን ዓይነት እናት ነኝ?

መስከረም 29
ነገርኳት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ደብተሩን ገልጬ ፊቷ አስቀመጥኩት።
«ዋሽቼሻለሁ። ዕድልሽ ጥሩ ነው። ያኔም አውቅ ነበር።»
ቁጥሮቹን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ሁሉንም።
«ሌሎቹንም እንዲህ ነው የምታማክሪያቸው?»
«አይ። አንቺን ብቻ።»
«ለምን?»
«ብቻዬን መቅረት ፈርቼ።»
ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ደብተሩን ዘግታ ሰጠችኝና ክፍሏ ገባች።

መስከረም 30
ምርጫዋን አስተካክላ ይሆን? አልጠየቅሁም። በምን አፌ?

ጥቅምት 9
እንደ እንግዳ ነው የምንነጋገረው። «ጨው አቀብይኝ።» «እንኪ።» ዛሬ ቸርች ከወጣቶቹ ጋር ተቀመጠች። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶውን ዋለ።

ጥቅምት 24
ምደባ ወጣ። ኑሬ ኮሪደር ላይ አገኘኝ።
«እንኳን ደስ አለሽ! ቦንቱ የፈለገችው ደረሳት እኮ! አሁን ደውላ ነገረችኝ።» ፊቴን አየና... «አልነገረችሽም እንዴ?»
«ነግራኛለች» አልኩ። አሁንም ውሸት።
ቤት ስገባ ስልኳን አሳየችኝ። አቀፍኳት። እጆቿ እንደተንጠለጠሉ ቀሩ። ልለቃት ስል አንዱ ጀርባዬን ነካ። አንዱ ብቻ።

ጥቅምት 26
አቶ ጫምሳ ደወሉ። ለጉዲቱ ያ ዩኒቨርሲቲ አልደረሳትም፤ ሁለተኛ ምርጫዋ ነው የደረሳት። እሱም ሩቅ። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጡኝ። «ዋስትና የለም ብለውን ነበር እኮ። ያወቁትን ነገሩን። ሌላ ምን እንፈልጋለን?»
የእኚህ ሰውዬም ቤት ባዶ ሊሆን ነው።

ኅዳር 15
ሸኘኋት። መናኸሪያው ገና አልነጋም፤ ብርድ። የአባቷን ጃኬት ለብሳለች፤ እጅጌው ይረዝማታል።
«በሶውን ያዝሽ?»
«ይዣለሁ።»
አውቶቡሱ ሞተር ሲያስነሳ መስኮቱን ከፈተች። «እማ፣ አሁንም ተናድጄብሻለሁ።»
«አውቃለሁ።»
«ግን እደውላለሁ።»
በእግሬ ተመለስኩ። ባጃጅ ብይዝ ቶሎ ቤት እደርሳለሁ... ቶሎ ደርሼስ?

ኅዳር 23
አልደወለችም።

ኅዳር 27
ደወለች። አራት ደቂቃ። ውሃ ይጠፋል አለች፣ ዶርሟ ውስጥ ስድስት ናቸው አለች። «ደህና ነሽ?» አላለችኝም። ይሁን።

ታኅሣሥ 29
ገና። ኑሬ ሚስቱን ይዞ እንኳን አደረሰሽ ሊሉኝ መጡ። ሲሄዱ ብርጭቆዎቹን ቶሎ አላነሳኋቸውም። ሰው የነበረበት ጠረጴዛ ይመስላል...

የካቲት 6
የአንዲት ተማሪ እናት መጣች፤ ዙለይካ፣ የሠፈሬ ሰው። ልጇ ከክልል ውጪ እሞላለሁ እያለቻት ነው።
«መምህርት እናትነሽ፣ አንቺን ትሰማለች። አይደርስሽም በያትና ትረፍልኝ። ሌላ ልጅ የለኝም።»
«አልላትም። እኔ የራሴን ልጅ ብያታለሁ» አልኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ስታዳምጥ ቆይታ እጄን ያዘችኝ። ሰኞ ልጅቷን ታመጣታለች። ደብተሩን ልጅቷ ራሷ ታነበዋለች።
ቤት ገብቼ ልብሴን ሳልቀይር ቦንቱ ደወለች። የከፍተኛ ዓመት የጂኦሎጂ ተማሪዎች ድንጋይ ሊያዩ ሲወጡ ተከትላቸው ሄዳ... አሥር ደቂቃ ስለ ድንጋይ። ግማሹ አልገባኝም። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ሰማኋት።
ከዚያ «አንቺስ? ምን በላሽ?» አለች። ከሄደች ወዲህ ጠይቃኝ አታውቅም።
«ሽሮ ሠርቼ...»
«እማ።»
«እሺ። ዳቦና ሻይ። ሦስተኛ ቀኔ ነው።»
«ነገ በዚሁ ሰዓት እደውላለሁ» አለች። «ሽሮውን ከሠራሽ በኋላ።»