ክርስቲያን ያረዳት ዶሮ

ሆሳዕና፣ ማክሰኞ ኅዳር ፱ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ዛሬ በግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ የዓለምን ሃይማኖቶች አስተማርኩ። ሂንዱ የላም ሥጋ እንደማይበላ፣ እስላሙና ክርስቲያኑ አንዱ የሌላውን ሥጋ እንደማይነካ ስናገር እንደ ሒሳብ ቀሎኝ ነበር። «በሰው እምነት አትደንግጡ» ብዬ ነው የጨረስኩት።

ቤት ስገባ ልጄ አልማዝ፣ «አባዬ፣ ዛሬ ጎረቤት እትዬ ዘይነባ ጋ ዶሮ በላሁ» አለችኝ። አፏን በእጄ ከደንኩት። እናቴ ከሸዋ መጥታ ጓዳ ተቀምጣለች፤ ልጅቷ እዚህ አገር ከረከሰች ይዣት እሄዳለሁ ስትል ነው የሰነበተችው።

አልማዝ በጣቶቼ መሃል፣ «ለእኔ ብለው እኮ ክርስቲያን አስጠርተው ነው ያሳረዷት» አለች።

ነፍሴ መለስ አለች። «ማንን አስጠሩ?»

«ጋሽ ኤርጫፎን፣ የሚሲዮኑን ሰባኪ።»

ለኦርቶዶክሷ እናቴ የሚሲዮን ሰው ጸረ ማርያም ነው፤ እሱ ያረደው እስላም ካረደው ይብሳል። ለዘይነባ ግን ክርስቲያን ያው ክርስቲያን ነው።

እናቴ ከጓዳ፣ «ምን በላሁ ነው የምትለው?» አለች።

«ሽሮ» አልኩ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

ነገ ጧት ዘይነባ እናቴን ልትጠይቅ ትመጣለች። ለልጅቷ ብላ ማንን እንዳስጠራች ሳትነግራት አትወጣም።