ይብራዎቹ የፈሩት አንተን ነበር

ሰይድ፣

ወደ ሰፈራው ከሄድክ ሁለት ዓመት፣ ወባ ገደለው ተብሎ መርዶህ ከመጣ ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ቁጣዬ የበረደ እንዳይመስልህ፤ ጥር በገባ ቁጥር እንደ አዲስ ይነሳብኛል። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል የቆጠርኩት አንተን በጽሑፍ ለመውቀስ ሳይሆን አይቀርም።

ጥር ያው ጥር ነው። አምባሰል አናት ላይ ውርጩ ሣሩን አቃጥሎታል፣ እኛ ዘንድ ግን ረፈድ ሲል ነጠላም ይከብዳል። ጉሙ ከሐይቁ ላይ እስኪነሳ ይዘገያል። በደጃችን ያለው እሬት በቀይ አበባ ተሸፍኗል፤ አንተ አለማየትህ ያናድደኛል። ከማሳችን ግማሹን ገበሬ ማኅበሩ ለሌላ ሰጥቶታል። ልጅህ ዘይነባ የፊት ጥርሶቿን አውልቃ አዲስ አብቅላለች።

በዚያ ክፉ ዓመት ሦስት ቀን ሙሉ ሐይቁ ዳር ተጎለትክ። አባትህ በነገሩህ ምልክት፣ በጥር ይብራዎቹ ወደ ዳር ወጥተው ቄጠማው ውስጥ ከገቡ በልግ ይዘንባል፤ መሃል ውሃው ላይ ከዋሉ ግን የለም። መሃል ዋሉ። በልግ ቀርቷል፣ ዘሩን እንብላው አልክ። ቦታ ይዤ እወስዳችኋለሁ ብለህም ለሰፈራ ተመዘገብክ።

ምሳ ሳደርስልህ ያየሁትን ነግሬህ ነበር። ወፎቹ የሸሹት አንተን ነው፤ ሰው ዳር ላይ ተቀምጦ ይብራ እንዴት ዳር ይወጣል? ሳቅህብኝ።

«ሴት ስለ ዝናብ ምን ታውቃለች?» አልከኝ።

በሄድክ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዘነበ። ጎረቤቱ ሁሉ ሲዘራ እኔ ባዶ ጎተራ ይዤ ደጅ ቆሜ አየሁ። ያን ቀን የረገምኩህን እርግማን ወረቀት ላይ አላሰፍረውም።

ዘንድሮ ወደ ሐይቁ አልወረድኩም። ከደጃችን፣ ከእሬቱ ጀርባ ሆኜ ይብራዎቹን በሩቁ ጠበቅኳቸው። ትናንት ማለዳ ወደ ዳር ወጥተው ቄጠማው ውስጥ ገቡ። ያለችኝን አንድ ቁና ገብስ ዛሬ ዘራኋት። ሰማዩ ደመና የለውም፣ ጎረቤት አበደች ይለኛል። ካልዘነበ በምልክትህ ለሁለተኛ ጊዜ አስራብከን ማለት ነው። ቢዘንብም አሏህ ይማርህ እንጂ እኔ ገና አልማርኩህም።

ግን አልረሳህም። ዘይነባ ስታድግ ከዚሁ ከእሬቱ ጀርባ አስቀምጬ ይብራዎቹን አሳያታለሁ። ምልክቱ የአባትሽ ነው፣ ርቆ ማየቱ ግን የእኔ ነው እላታለሁ።

ሚስትህ ዘምዘም