የአቶ ደጉ ገበየሁ የሕይወት ታሪክ እና ስለ አቶ እንየው የተዉት ቃል

አቶ ደጉ ገበየሁ ከአባታቸው ከአቶ ገበየሁ አስማረ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ምህረቴ ይኸነው በ1948 ዓ.ም. ዘንገና አካባቢ ተወለዱ። እስከ ሰባት ዓመታቸው ከአገውኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቁም ነበር፤ አማርኛን የለመዱት ቆሰበር ትምህርት ቤት ገብተው ነው። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሱ ዳንግላ ወርደው ከአንድ መካኒክ ዘንድ ሥራ ተማሩ። እናታቸው «ቄስ ይሆንልኛል ያልኩት ልጅ ግራሶ ተቀብቶ መጣ» እያሉ ብዙ አዝነዋል።

በ1976 ዓ.ም. ከወይዘሮ ማናለብሽ ፀጋው ጋር በቁርባን ተጋብተው ብሥራትን፣ ምሥራቅንና ውብአየሁን ወልደዋል። በ1979 ዓ.ም. ቆሰበር ላይ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ባንተአምላክ ነኝ፤ ወንድሜ ቁጡ እንደነበሩ ብደብቅ የሚያምነኝ የለም።

በተለይ በፍሬን ሥራ ቀልድ አያውቁም። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ለባለመኪናው ያሳያሉ፤ መኪናው የሚፈልገው ዘይት እዚያ ላይ ተጽፏልና። ከዚያ አሮጌውን ዘይት ከየጎማው ሲያስወጡ ፔዳሉን የሚያስረግጡት ባለቤቱን ራሱን ነበር። «ነገ ቁልቁለት ላይ የምትረግጠው አንተ ነህ፤ ዛሬ እግርህ ይወቀው» ይሉታል።

ይሁን እንጂ መድፋት አይሆንላቸውም ነበር። በእናታችን ቤት የተረፈ ነገር መድፋት ነውር ነው። ስለዚህ ከጣሳው የተረፈውን የፍሬን ዘይት በውሃ ሃይላንድ ገልብጠው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡ ነበር። የፍሬን ዘይት እርጥበት እንደሚስብ ለሌላው የሚያስተምሩት እሳቸው ነበሩ።

በግንቦት 2005 ዓ.ም. ጎረቤታቸው አቶ እንየው የቤት መኪናቸውን ፍሬን ሊያሠሩ መጡ። በማግስቱ አዲስ አበባ ታመው የተኙ እህታቸውን ሊያመጡ ነው። የታሸገ ዘይት ግን አልቋል፤ ከዳንግላ የሚመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ወንድሜ ያንን ሃይላንድ አንሥተው ሞሉላቸው። ዘይቱ ያለፈውን የቆሰበር ክረምት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ከርሟል። ውሃ የሳበ ዘይት በሜዳ መንገድ ምንም አይል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ግን ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶውን ይሰጥማል። አቶ እንየው ዓባይ በረሃን ሲወርዱ ከመንገድ ወጥተው በሠላሳ አራት ዓመታቸው አረፉ።

ፍሬን የተያዘበት ምልክት አስፋልቱ ላይ ስላልታየ ሰው ሁሉ ፍጥነት ነው አለ። ምልክቱ ለምን እንደጠፋ ወንድሜ ብቻ አወቁ። አወቁና ዝም አሉ።

ከዚያ ወዲህ ዘይት የሚከፍቱት ባለቤቱ ፊት ነው፤ የተረፈውን እዚያው ይደፉታል። «ደጉ ደፊው» ብለን ስንስቅባቸው አብረውን አልሳቁም። የአቶ እንየውን ባለቤት የወይዘሮ ካሳነሽን ጣሪያ ጠገኑ፤ አጥራቸውን አጠሩ። ወይዘሮ ካሳነሽ በመረቋቸው ቀን ወንድሜ እህል አይቀምሱም ነበር። የሟቹ ልጅ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ሰዎች «እንደ አባትህ እንዳትቸኩል» ሲሉት ወንድሜ አጠገቡ ቆመው ነበር። ያን ቀንም ዝም አሉ። በዚህ እቆጣቸዋለሁ፤ ሞተውም እቆጣቸዋለሁ።

በ2010 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ጸናባቸው። የንስሐ አባታቸው «ለእግዚአብሔር ነግረሃል፤ የሰውየውን ስም ግን ገና አልመለስህም» አሏቸው። እኔን ጠርተው ሁሉን ነገሩኝ። «ባንተ፣ ታሪኬን ስታነብ እንየውን እንዳትዘለው። እኔ በቁሜ አቃተኝ» አሉኝ። ከቤተሰባችን መካከል አስከሬን ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይነበብም ያለ ነበር። ወይዘሮ ማናለብሽ ግን «ቃሉ ነው፤ ይነበብ» ብለው ጨረሱት።

ትናንት ወይዘሮ ካሳነሽ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። ይቅር ብያለሁ አላሉም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ስወጣ «ሰው ሁሉ ባለበት አንብበው» አሉኝ። ይኸው ከልጃቸው ጋር ከመካከላችን ቆመዋል።

አቶ ደጉ ገበየሁ ነሐሴ 20 ቀን 2010 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው አርፈው፣ ዛሬ ነሐሴ 21 ቀን ሥርዓተ ቀብራቸው ይፈጸማል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል።

አቶ እንየው አልፈጠኑም። ፍሬናቸውን ረግጠዋል፤ አልያዘላቸውም። ልጃቸው ይህን ይስማ፤ ቆሰበርም ይስማ።

እግዚአብሔር የአቶ እንየውን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን፤ ከእሳቸውም ቀጥሎ የወንድሜን።