ቡቺን ዛሬ ያስሮጠው ዳዊት ነው

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8

ዛሬ ግሬፕቫይን ከተማ በነበረው የውሾች የመሰናክል ውድድር ውሻችንን ቡቺን ያስሮጠው ባለቤቴ ዳዊት ነው። እስከ ዛሬ የማስሮጠው እኔ ነበርኩ፤ አሸንፈንም አናውቅም። ቡቺ መሀል ላይ ቆሞ ሣር ያሸታል፣ ወይም ዳኛዋን ሊልስ ይሄዳል፤ እኔም እስቃለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ቦታ፣ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ይዤ ስሮጥ ከርሜ፣ ማንም "ቶሎ በይ" የማይለኝ ውድድሩ ላይ ብቻ ነው።

ዳዊት ግን ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ማየቱ ሰለቸው። "ይሄ ውሻ እኮ ማሸነፍ ይችላል፤ አንቺ ነሽ ሲሪየስ ያልሆንሽው" አለኝ ባለፈው ሳምንት።

"ኦኬ፣ ሞክረው" አልኩት።

ሞከረው። ቡቺ እንጨቶቹን ዘለለ፣ በቱቦው ሾልኮ ወጣ፣ አንድም ጊዜ አልቆመም። አንደኛ ወጡ። ዳዊት ለአንደኛ የሚሰጠውን ሰማያዊ ሪባን ይዞ ወደኔ እየሮጠ መጣ። እንዲህ ሲደሰት ካየሁት ቆይቷል። ቡቺም ደስ ብሎት ነበር፤ እሱን መካድ አልችልም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ "ቅር አለሽ እንዴ?" አለኝ።

"ኧረ አላለኝም።"

"ሶ፣ የሚቀጥለውንም እኔ ላስሩጠው?"

"አስሩጠው። እኔ ሌላ ውሻ አመጣለሁ፣ ሰነፍ የሆነ።"

ሳቀ። ቤት እስክንገባ ድረስ ትዝ እያለው ይስቅ ነበር። እኔ የምሬን ነው። ሌዊስቪል ያለው የውሾች መጠለያ ደውዬ፣ ማንም ያልወሰዳትን አንዲት አሮጊት ውሻ ሰኞ ከሥራ ስወጣ ላያት ቀጠሮ ይዣለሁ። ለዳዊት ገና አልነገርኩትም።