ያልፈራ ሰው ፊት አይሂድ

ይታይሽ፣ የቤቴ እመቤት፤ እግዚአብሔር ነፍስሽን በአብርሃም እቅፍ ያኑራት። ከተለየሽኝ ዓመት ሞላ። ሰው እንዴት ነህ ሲለኝ ተመስገን እላለሁ። ምስጋናው ከአፌ ይወጣል፤ ልቤ የት እንዳለ ግን እንጃ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ጥቁሯ ላም ወለደች፤ ጎረቤት እምቦሳ እሰሩ ሲለኝ አሜን አልኩ፣ ደስ ግን አላለኝም። ድንቹን በረዶ መታው። ዳገቱ ላይ የነበረው የዲከረንስ ዛፍ ለከሰል ተቆርጦ አልቋል። ሥሩ መሬቱን ይይዘው ነበር፤ አሁን ከደጃፋችን ሆነው ሲያዩት እስከ ጫፉ ራቁቱን ነው።

ልጽፍልሽ የተነሣሁትም ስለዚያ ዳገት ነው። በሙት ዓመትሽ ዋዜማ የወረደው በረዶ ሳይቀልጥ አድሮ ነጭ ሆኖ ጠበቀን። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው ቀጭን መንገድ ዳገቱን አግድም እንደሚያቋርጠው ታውቂያለሽ። ከበረዶው ሥር ውሃ ይንሿሿል፤ ከላይ በኩል መሬቱ ተሰንጥቋል። ልጃችን ትዕግሥት ከጫግኒ መጥታለች። እሷና ሴቶቹ ዳቦውን ይዘው፣ ወንድምሽ ጠላውን አሸክሞ ከኋላዬ ቆሙ። ቅዳሴው ሳያልቅ መድረስ አለብን፤ ዙሪያው መንገድ ደግሞ ሩቅ ነው።

ወጉን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። እኔ የዳንግላ ሜዳ ልጅ ነኝ፣ ዳገት የት አውቄ። እንዲህ ባለ ቀን በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይሻገራል፣ ሌላው ይጠብቃል። ባልና ሚስትማ ከቶ አብረው አይሻገሩም፤ ናዳ ቢመጣ ለልጅ አንድ ወላጅ እንዲቀር ነው። ሁልጊዜ አንቺ ትቀድሚ ነበር። ከማዶ ካለው ጥቁር ድንጋይ ስትደርሺ ዞረሽ በእጅሽ ትጠሪኛለሽ። እየተንቀጠቀጥኩ ስመጣ ትስቂብኛለሽ። ግን ፍርሃቴን ነቅፈሽው አታውቂም። ያልፈራ ሰው ፊት አይሂድ ትዪ ነበር፤ ያልፈራ መሬቱን አያይም።

ያን ዕለት ፊት ልወጣ ጋቢዬን አጣፋሁ። አንድ እግሬን በረዶው ላይ አሳረፍኩ። መሬቱ ከሥሬ ሰመጥ አለ። ምንም አልተሰማኝም። ቢወስደኝ ይውሰደኝ የሚል ሐሳብ እንኳ አልነበረኝም፤ እንደ ግንድ ነበርኩ። ያቆመኝም ይኸው ነው። እኔ ከሄድኩ እነሱም ተከትለውኝ ይመጣሉ። እግሬን መለስኩና በዙሪያው እንሂድ አልኳቸው።

ወንድምሽ «ዓመት ሙሉ ሞትን ሲለምን የከረመ ሰው ዛሬ በረዶ ፈራ» ብሎ አሾፈብኝ። ትዕግሥት ግን ቆጣ አለች።

«አባዬ፣ እማዬ ብትኖር ትሻገር ነበር።»

«እሷማ ትፈራ ነበር» አልኳት። «እኔ ዛሬ አልፈራሁም።»

የገባት አልመሰለኝም፤ ግን ዳቦውን አንሥታ ተከተለችኝ።

ስንደርስ ቅዳሴው ወጥቷል። ካህኑ ጠብቀውን ፍትሐቱን አደረሱልሽ። ዳገቱ እስከ ዛሬም አልተናደም፤ ወንድምሽ ባየኝ ቁጥር ዳገትህ ደኅና ነው ወይ ይለኛል። ደኅና ነው እለዋለሁ። ደግ ሠርቼ ይሁን ሰው አንገላትቼ እግዚአብሔር ይወቀው።

ከቀናት በኋላ ፀሐይ ወጥቶ መሬቱ ጠጠር ሲል፣ ትዕግሥት ወደ ጫግኒ ከመመለሷ በፊት መቃብርሽን ልየው አለች። በዳገቱ ሄድን። ሳልነግራት ቀደመችኝ። እኔ ቆሜ ጠበቅኩ። ከጥቁሩ ድንጋይ ደረሰችና ዞራ በእጇ ጠራችኝ፤ ልክ እንዳንቺ።

ይታይሽ፣ ፈራሁ። በረዶ የለ፣ ውሃ የለ፣ ግን እግሬ አልነሣ አለኝ። ከማዶ ስትስቅብኝ ሰማኋት። እየተንቀጠቀጥኩ፣ እያንዳንዱን ድንጋይ እያየሁ ተሻገርኩ።

ይህን ልነግርሽ ነው። ከእንግዲህ በዕድሜዬ ሁሉ በዚያ መንገድ ስሄድ መጀመሪያ ቆሜ በስምሽ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፤ ወደ ድንጋዩም አያለሁ። ከዚያ ነው እግሬን የማነሣው።